ቀለሙን ጠብቆ፣ ምልክቱን ጽፎ የሚሄድ የስልክ ቴክኒሻን ጎንደር ላይ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የፔንሲዮናችንን የስልክ መስመር ያስተካከሉልን ቴክኒሻኖች ሥራቸው ጥሩ ነው፣ ዋጋቸው ከሌላው ከበድ ይላል፣ ቀጠሮ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታመኑም። ይሄ የሚበቃው ሰው እዚህ ጋ ማቆም ይችላል። እኔ ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ጎንደር ውስጥ ፔንሲዮን፣ ክሊኒክ ወይም ብዙ ክፍል ያለው ቢሮ የሚያስተዳድር ሰው አንድ ቀን ያቺን ከደረጃ ሥር ያለች የስልክ ሳጥን ከፍቶ መናደዱ አይቀርም።

የማስተዳድረው ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ ባለሦስት ፎቅ ፔንሲዮን ነው። 20 ክፍል አለው። ሪሴፕሽኑ፣ ወጥ ቤቱ፣ ላውንደሪውና የጥበቃው ቤት ሲጨመሩ 24 ቦታ ስልክ አለ ማለት ነው። ማዞሪያው፣ ማለትም የውስጥ ስልኮቹን እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ፣ ፓናሶኒክ ኬኤክስ ቲኢኤስ 824 ነው። ሲገዛ 3 የውጭ መስመርና 8 የውስጥ ስልክ ይይዛል፣ ካርድ ሲጨመርበት እስከ 8 የውጭና 24 የውስጥ ይደርሳል። የእኛው ሞልቷል። በዚህ ዘመን የክፍል ስልክ ምን ይሠራል የምትሉ ትኖራላችሁ። የሞባይል ኔትወርክ ሲጠፋ እንግዳው ሙቅ ውሃ ጠይቆ የሚጮኸው በመስኮት ነው ወይስ በምን? ከውጭ አገር የመጣ እንግዳም ሲም ካርድ ሳያወጣ ያድራል። የውስጥ ስልክ ከኔትወርክ ጋር ጉዳይ የለውም። ማዞሪያው መብራት ካገኘ ይሠራል፣ እኛ ደግሞ ዩፒኤስ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ላይ፣ ሰክተነዋል።

ቴክኒሻኖቹ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላወጣም። ሱቅ የላቸውም፣ ታፔላም የላቸውም፣ ሥራ የሚያገኙት በሰው በሰው ነው። ስለዚህ ይሄን ጽሑፍ እነሱን ለማስተዋወቅ ብቻ አትውሰዱት። ሌላ ቴክኒሻን ስትቀጥሩ ምን እንደምትጠይቁ ከዚህ ታገኛላችሁ።

ድሮ የነበረውን ካልነገርኳችሁ ግን የሠሩት ሥራ አይገባችሁም። ከደረጃው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ከቴሌ የሚመጣው መስመር የሚገባው እዚያ ነው፣ ወደየክፍሉ የሚሄደውም የሚነሳው ከዚያ ነው። ቤቱ ሲሠራ የገባው ገመድ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስልክ በተበላሸ ቁጥር የመጣው ባለሙያ ሁሉ የራሱን ነገር ጨምሮበት ሄደ። አንዱ የበር ደወል ሽቦ ቀጠለበት። ሌላው ቡናማውን ከአረንጓዴው ጋር አገናኝቶ በናስትሮ ጠቀለለው። አንዱማ የመብራት ሽቦ ነው የተጠቀመው፣ ቀይና ጥቁር፣ ያውም ወፍራሙን። መብራት ሊጠግን የመጣ ኤሌክትሪሺያን ሳጥኑን ከፍቶ ያንን ሲያይ እጁን መልሶ ሰበሰበ፣ 220 ነው ብሎ። እውነቱን ነው፣ ምን ያውቃል?

የሚገርመው ሁሉም ጨርሰው ሲሄዱ ስልኩ ይሠራል። የሚቀጥለው ሰው ሲመጣ ነው ጉዱ። የትኛው ሽቦ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ስለማያውቅ የሚሠራውን እየነቀለ ይሞክራል፣ የ9 ቁጥርን ሊጠግን የመጣው የ14 ቁጥርን አጥፍቶ ይሄዳል፣ የ14ን የሚያስተካክል ሌላ ሰው ይጠራል፣ እሱም ደግሞ የ3ን። ገንዘቡ ይቅር፣ እንግዳ ፊት መቆሙ ነው የሚከብደው።

ወንድማማቾቹ ሲመጡ መጀመሪያ ቅር ነበር ያለኝ። አንድም ሽቦ አልነኩም። ታላቁ አንድ ደብተር አወጣ። ታናሹ ድምፅ የምትልክ ትንሽ መሣሪያ፣ ቶነር የሚሏትን፣ ይዞ ክፍል ለክፍል ዞረ። ሶኬቱ ላይ ይሰካታል፣ ታች ያለው ወንድሙ ደግሞ እንደ እስክሪብቶ ባለ መቀበያ ገመዶቹን እየነካ የሚጮኸውን ይፈልጋል። ሲያገኝ ይጽፋል። ሙሉ ቀን በዚህ አለቀ። ለዚህ ቀን ለብቻው አስከፈሉኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር፣ ምን ሠሩና ነው የምከፍለው ብዬ። በኋላ ደብተሩን ሳየው ግን የቤቱ የስልክ ካርታ ነው፣ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮን አያውቅም። በሁለት ክፍሎች መካከል ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ የትም የማይደርስ ገመድም ተገኘ። ያንን እስከዛሬ ስንት ባለሙያ ሲቀጥልበት ኖሯል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው።

የስልክ ገመድ ውስጥ ያሉ ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት። ጥንድ ማለት ነው፣ እነሱ ፔር ይሉታል። ከማዞሪያው ወደ ሳጥኑ የሚወርደው ገመድ ባለ25 ጥንድ ነው። 50 ሽቦ አንድ ልባስ ውስጥ! እንዴት ይለያል? ድሮ በአሜሪካው ቤል የስልክ ድርጅት የተለመደ የነበረ አሠራር አለ፣ ዛሬ ዓለም ላይ ብዙ ቦታ ይሠራበታል። አምስት መሪ ቀለሞች አሉ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ። አምስት ተከታይ ቀለሞች አሉ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ። ነጩ ከአምስቱም ተከታዮች ጋር በተራ ይጣመራል፣ ከ1 እስከ 5 ወጣ። ቀዩ ከ6 እስከ 10፣ ጥቁሩ እስከ 15፣ ቢጫው እስከ 20፣ ሐምራዊው እስከ 25። አምስት በአምስት፣ አለቀ። ገመዱ ከ25 ጥንድ በላይ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሃያ አምስት በራሱ ባለቀለም ክር ይታሰራል፣ የክሩም ቀለም ያንኑ ተራ ይጠብቃል።

ታናሹን ልፈትነው ብዬ «17ኛው?» አልኩት።

«ቢጫና ብርቱካናማ።»

«23ኛውስ?»

«ሐምራዊና አረንጓዴ።» ዓይኑን ከሥራው እንኳ አላነሳም። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የማባዣ ሰንጠረዥ ማለት ነው፤ አንዴ ከያዙት አይጠፋም።»

እኔም ያዝኩት። አሁን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ 12ኛው ጥቁርና ብርቱካናማ እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ የማይረባ እውቀት ነው አትበሉኝ፣ ለምን እንደሚረባ ወደ ታች አለላችሁ።

ቀለም መጠበቅ ሥርዓት ለመውደድ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። የ7 ቁጥር እንግዳ ሲያወራ የ12 ቁጥር እንግዳ ይሰማው ነበር፣ በቀጭኑም ቢሆን። እኔ ማዞሪያው አርጅቶ ነው ብዬ ልቀይረው ሁሉ ነበር። ታላቁ ሳጥኑን አይቶ ምክንያቱን አገኘው። አንዱ ባለሙያ የሰማያዊውን ጥንድ አንድ ሽቦና የብርቱካናማውን ጥንድ አንድ ሽቦ ወስዶ አንድ መስመር አድርጓቸዋል፣ የተረፉትን ደግሞ ለሌላ ክፍል። በቴስተር ሲለካ ሁሉም ደህና ነው፣ ኤሌክትሪኩ ይደርሳል። ግን ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠማዘዙት ለጌጥ አይደለም። ጥንዱ አብሮ ሲጠማዘዝ ከውጭ የሚመጣው ጫጫታ ሁለቱም ላይ እኩል ያርፍና መጨረሻው ላይ ይጣፋል። እያንዳንዱ ጥንድ የሚጠማዘዝበት ርቀትም ከጎረቤቱ ይለያል፣ እንዳይጠላለፉ ተብሎ ነው። ከአንዱ ጥንድ አንድ ሽቦ፣ ከሌላው አንድ ሽቦ ከወሰድክ ግን ይሄ ሁሉ ከንቱ ሆነ። በኤዲኤስኤል፣ ማለትም በስልክ ሽቦ በሚመጣ ኢንተርኔት የምትጠቀሙ ሰዎች ካላችሁ፣ መስመሩ ቀስ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ስለሚችል ቴሌን ከመክሰሳችሁ በፊት የራሳችሁን ሳጥን አሳዩ።

መሬት ላይ ባሉት ክፍሎች ደግሞ የድሮው ባለአራት ሽቦ ገመድ ነበር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። በዚህኛው አንደኛው መስመር አረንጓዴና ቀይ ነው፣ ሁለተኛው ጥቁርና ቢጫ። ከአዲሱ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴው ከነጭ ሰማያዊው፣ ቀዩ ከሰማያዊው ጋር ይሄዳል። እነሱ ይሄን ሁሉ ቀይረው አዲስ ገመድ ሳቡ፣ ግን አንዲት ጥግ ግድግዳ ሳይፈርስ የማይወጣ ገመድ ስለነበር እሱን ትተው የቀለሙን ለውጥ በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ክፍል ላይ በቋሚ ቀለም ጻፉት። ይሄን ሳይ ነው ዋጋቸው ላይ መከራከር ያቆምኩት። ያልተቻለውን ነገር ሸፍኖ የሚሄድ እንጂ ጽፎ የሚሄድ ባለሙያ አይቼ አላውቅማ!

ገመድ ሲገዙ አብሬያቸው ሄጄ ነበር፣ እሱም ትምህርት ነው። ወደ ክፍሎቹ የሚሄደው ካት 5ኢ የሚባለው የኢንተርኔት ገመድ እንዲሆን ተስማማን፣ አራት ጥንድ አለው፣ ሰማያዊው ለስልክ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ለወደፊቱ። ስልክ ብቻ ከሆነ ይበዛል፣ ግን ግድግዳው አንዴ ሲነካ አብሮ ማስገባቱ ይሻላል። ታላቁ ባለሱቁን «እስቲ ጫፉን ልላጠው» አለና በቢላ ትንሽ ከፈተ። የመጀመሪያውን ጥቅል መለሰው። ነጮቹ ሽቦዎች ላይ መስመር የለም። አራቱም ድፍን ነጭ ናቸው፣ ጥምዝማዙ አንዴ ከተፈታ የትኛው ነጭ የሰማያዊው እንደሆነ፣ የትኛው የብርቱካናማው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ደህናው ገመድ ነጩ ላይ የጥንዱን ቀለም ሰረዝ ያደርጋል። ሁለተኛውንም መለሰው። ሽቦውን በቢላው ጠርዝ ሲፍቀው ውስጡ ነጣ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በርካሽ ይሸጣል፣ ሲጫኑት ይሰበራል፣ ቶሎ ይዝጋል። ባለሱቁ «አይዶል እንዴ፣ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚወስደው» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። በሦስተኛው ተስማሙ። እንግዲህ አራዳም ሄዳችሁ ሌላ ቦታ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትታችሁ አስላጡና እዩ።

ሶኬቱ ላይ የተጠቀሙት ባለስምንት ቀዳዳውን ነው፣ የኢንተርኔቱን። የስልኩ ጫፍ መሐሉ ላይ ይገባል፣ ሰማያዊው ጥንድ ደግሞ ቦታው መሐል ነው፣ 4 እና 5። ሁለት ዓይነት የቀለም አደራደር አለ፣ ኤ እና ቢ ይሉታል፣ የሚለያዩት ብርቱካናማውና አረንጓዴው ቦታ በመለዋወጣቸው ብቻ ነው። ሰማያዊው በሁለቱም አይነቃነቅም፣ ለስልክ ለውጥ የለውም። ነገ ኢንተርኔት ሲገባበት ግን በአንዱ ጫፍ ኤ፣ በሌላው ቢ ከሆነ ራስ ምታት ነው። እነሱ ሁሉንም ቢ አደረጉና «ሁሉም ቢ» ብለው ክዳኑ ላይ ጻፉ። አንድ ነገር አልወደድኩትም፣ የስልኩ ጫፍ ጠበብ ስለሚል ዳር ያሉትን የሶኬቱን ሽቦዎች በጊዜ ብዛት ሊያጎብጥ ይችላል። ይሄን የነገሩኝ ከተሠራ በኋላ ነው፣ በፊት ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር።

ሳጥኑ ራሱ አሁን ሌላ ሆኗል። የቆርቆሮው ወጥቶ ሰፋ ያለ ገባ። ውስጡ ክሮን ነው፣ አንዱ ረድፍ 10 ጥንድ የሚይዘው። ክሮን ሽቦን ሳይልጡ፣ ሳይበይዱ፣ ብሎን ሳያጠብቁ በራሱ መሣሪያ ተጭኖ የሚገባበት ነው። ድሮ የነበረን ላይ ባለሙያዎቹ በካቻቢቴ እየገፉ ጥርሱን አበላሽተውት ነበር። ወንድማማቾቹ አንዲት የፕላስቲክ መጫኛ ሳጥኑ ውስጥ በገመድ አስረው ትተዋል፣ ማንም ካቻቢቴ እንዳያነሳ።

ከረድፎቹ ጀርባ ደግሞ ሌላ የቀለም ሥርዓት አለ፣ ከሽቦው ቀለም ጋር እንዳይምታታባችሁ። ከቴሌ የሚገባው መስመር ያለበት ሰሌዳ ብርቱካናማ ነው። ከማዞሪያው የሚመጣው ሐምራዊ። ወደ ክፍሎቹ የሚሄደው ሰማያዊ። የጥበቃው ቤት የማንቂያ ደወል ቢጫ። ከራሳቸው ያመጡት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ቲአይኤ 606 የሚባል የአሜሪካ ደረጃ ነው፣ መጀመሪያ የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በኋላ ተሻሽሏል። ሕንፃ ለሕንፃ ለሚያገናኝ ገመድ ቡናማ፣ ፎቅ ለፎቅ ለሚሄደው ነጭ እያለ ይቀጥላል። እኛ አንድ ሕንፃ ነን፣ አራቱ በቁን። ባለቀለም ሰሌዳ ጎንደር ስላላገኙ እንጨቱን በዘይት ቀለም ቀቡት። ሐምራዊው ትንሽ ወደ ሮዝ ያደላል፣ ግድ የለም።

ጽሑፉ ላይ ተጨቃጭቀን ነበር። እኔ ያልኩት ቀላል ነው፣ የክፍሉን ስልክ ቁጥር ጻፉበት፣ 104 ከሆነ 104። ታላቁ እምቢ አለ። «እትዬ፣ የስልኩ ቁጥር ማዞሪያው ውስጥ ነው ያለው፣ ዛሬ 104 ነው፣ ነገ በፕሮግራም ይቀየራል። የክፍሉም ቁጥር ቢሆን አንድ ቀን ሁለቱን ክፍል አፍርሰው አንድ ያደርጉታል። ገመዱ ግን ከቦታው አይነሳም። ስለዚህ የምንጽፈው ቦታውን ነው።» እናም የጻፉት ፎቁን፣ ከደረጃው በስተቀኝ ተቆጥሮ ስንተኛ በር እንደሆነና ስንተኛው ሶኬት እንደሆነ ነው። 2-05-1 ማለት ሁለተኛ ፎቅ፣ አምስተኛ በር፣ አንደኛ ሶኬት። ያው ቁጥር ሶኬቱ ላይ አለ፣ ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ላይ አለ፣ ሰማያዊው ሰሌዳ ላይ አለ። የትኛው ቦታ የትኛው ስልክ ቁጥር እንደያዘ የሚያሳየው ክዳኑ ላይ ባለ ወረቀት ነው፣ በእርሳስ፣ ስለሚቀየር።

ያኔ ግትርነት መስሎኝ ነበር። ክረምት ላይ ነው የገባኝ፣ እነግራችኋለሁ።

የጽሑፉ ማሽን በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፣ ላዩ በፕላስቲክ የተሸፈነ ጥብጣብ ላይ ያትማል። የአማርኛ ፊደል የለውም፣ ለዚህ ነው ሁሉም በቁጥር ብቻ የሆነው። ገመዱ ላይ የዞረው ሌላ ዓይነት ነው፣ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ ነጩ ላይ ይጻፍና የሚያሳየው ክፍል ዞሮ ይሸፍነዋል። ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጡት፣ ውድ ነው፣ ዋጋቸው ከበድ ያለበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ግን በፊት በወረቀት ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ የነበረው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ከደረጃው ሥር እርጥበት ይገባል፣ ወረቀቱ ይረግፋል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ መስከረም ላይ መሬቱን ስትጠርግ ቁጥሮቹን አብራ የምትጥላት የጽዳት ሠራተኛ ናት። የአሁኑ አንድ ክረምት አልፎበታል። አንድም አልወለቀም።

ክረምት ላይ የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ማታ ከባድ ነጎድጓድ ነበር፣ የጎንደርን ሰኔና ሐምሌ ታውቁታላችሁ። ሲነጋ የአንድ ክፍል ስልክ ሞቷል። እኔ አልነበርኩም። ሪሴፕሽን የምትሠራው ልጅ ደወለችልኝ፣ ለታናሹ ደውይለት አልኳት። እሱ አዘዞ ሌላ ሥራ ላይ ነበር፣ መምጣት አልቻለም።

«እህቴ፣ ክፍሉ ላይ የተጻፈውን ንገሪኝ።»

«2-05-1።»

«ወረቀቱ ላይ ከሐምራዊው ስንተኛ ጋር ነው የተገናኘው?»

«14።»

«ሐምራዊው ሰሌዳ ላይ ሁለተኛውን ረድፍ እዪ፣ አራተኛው ነው። ጥቁርና ቡናማ ነው?»

«አዎ፣ ጥቁርና ቡናማ።»

የሚሠራ ስልክ በመሞከሪያው ገመድ እዚያ እንድትሰካ አደረጋት። ድምፅ የለም። ስለዚህ የሞተው ገመዱም የክፍሉ ስልክም አይደለም፣ የማዞሪያው 14ኛ መውጫ ነው። የላውንደሪውን ስልክ ማንም አይጠቀምበትም፣ የእሱን መውጫ ለክፍሉ አሻገረች። ያቺን የፕላስቲክ መጫኛ ተጠቅማ ሁለት ሽቦ ነቅላ ሁለት ሽቦ ተጫነች። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቃት፣ ስልክ በሚጠራበት ሰዓት ባዶ ሽቦ እንዳትነኪ ብሎ። በሌላ ጊዜ መስመሩ ላይ ያለው ቢበዛ 48 ቮልት አካባቢ ነው፣ ሲጠራ ግን ከ75 እስከ 90 ቮልት ተለዋዋጭ ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ አይገድልም፣ ያስደነግጣል ግን።

እንግዲህ የክፍሉ ስልክ ቁጥር ለጊዜው ተቀየረ። ገመዱ ላይ 104 ወይም 205 ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ጽሑፉ ሁሉ ውሸት ይሆን ነበር። 2-05-1 ግን ያው 2-05-1 ነው። ልጅቷ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር በላጲስ አጥፍታ አዲሱን ጻፈች፣ አለቀ። ቴክኒሻን አልመጣም፣ ሌላ ክፍል አልተነቀለም፣ እንግዳው ቁርሱን በስልክ አዘዘ። ስልክ ነክታ የማታውቅ ልጅ ናት እኮ።

አሁን የማይወደደውን ልንገራችሁ፣ ማሞገስ ብቻ ግምገማ አይደለም።

መብረቁ ማዞሪያችንን ያገኘው እነሱ መከላከያ ስላላስገቡ ነው። ከውጭ የሚገባው መስመር ላይ፣ ክሮኑ ላይ የሚሰካ የመብረቅ መከላከያ አለ፣ ትንሽ ጋዝ ያለበት ቱቦ ነው፣ ኃይል ሲበዛ ወደ መሬት ያሳልፈዋል። መሬት መስመር ከሌለው ግን ጌጥ ነው። የእኛ ሳጥን የመሬት መስመር የለውም። ይሄን እኔ መጠየቅ ነበረብኝ ወይስ እነሱ መንገር? እነሱ። ስጠይቃቸው «ተጨማሪ ወጪ ስለሆነ ነው ያላነሳነው» አሉኝ። ለጽሑፍ ጥብጣብ ያን ያህል ያስከፈለ ሰው ለመብረቅ ማፈሩ አይገባኝም፣ በዚህ አገር ክረምት!

ቀጠሮው ሌላ ነው። ለጥምቀት ቤቱ ከነአልጋው አስቀድሞ ይያዛል፣ ጎንደር ውስጥ ያን ሰሞን ባዶ ክፍል የለም። ከገና በፊት እንጨርሳለን ብለው የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሊወርዱ ሰው መንገድ ላይ ሞልቶ፣ እነሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለካናሊና፣ ገመድ ለሚሸፍነው ፕላስቲክ፣ ግድግዳ እየበሱ ነበር። እንግዳ ሻንጣውን ይዞ በአቧራው መሐል አለፈ። የሦስተኛ ፎቅ ካናሊና ጠማማ የሆነውም በዚያ ጥድፊያ ነው፣ እስካሁን አላስተካከሉትም። ሶኬቶቹ ላይ ያለው ጽሑፍም በጣም ደቃቅ ነው፣ እኔ ያለ መነጽር አላነበውም።

ፋይበር አይሠሩም። ይሄ ጥፋት አይደለም፣ ግን እወቁት። ቴሌ ፋይበር ሲያስገባላችሁ ሌላ ባለሙያ ያስፈልጋል። የፋይበሩ ቀለም ተራ 12 ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ደግሞ ያው የስልኩ ተከታይ ቀለሞች ናቸው፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ እያለ ይሄዳል። ታናሹ መማር ይፈልጋል፣ መሣሪያው ነው የከበደው።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም፣ ይሄን እስክታነቡ የገመዱ ዋጋ ይቀየራል። የሚያስከፍሉት በፖይንት፣ ማለትም በሶኬት ቁጥር ነው፣ ጽሑፉ ፖይንቱ ውስጥ አለ፣ ገመዱንና ክሮኑን ራሳችሁ ትገዛላችሁ። የመጀመሪያውን የፍለጋ ቀን ለብቻው ነው፣ አትከራከሩበት። ቤታችሁ አንድ ስልክና አንድ ሞደም ብቻ ካለ እነሱን አትጥሩ፣ ያለ ነገር ወጪ ነው። ከአሥር መስመር በላይ ካለ ግን፣ ክሊኒክም ይሁን ትምህርት ቤት፣ ጠብቃችሁም ቢሆን አሠሯቸው። ክዳኑ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አንድ ቅጂ ብቻ ነው የሚሰጡት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ በተቀየረ ቁጥር እንደገና።

ከግቢው ጀርባ የምንሠራት አዲስ ቤት አለች፣ እሷንም ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሄድ ገመድ ስለሚኖር ቡናማ ሰሌዳ ይጨመራል አሉኝ። በዚህኛው ግን የመሬቱ ዘንግ ሳይቀበርና የመብረቅ መከላከያው ሳይገባ አንድም ፖይንት አልከፍልም ብዬ በጽሑፍ አስፈርሜያቸዋለሁ፣ የሚጨርሱበትም ቀን ከኅዳር ሚካኤል እንዳያልፍ።